ዜሮ የሌለው ሰዓት

አራት ኪሎ በሚገኘው ቤቴ፣ ከመጻሕፍቱ መደርደሪያ ላይ፣ ትናንሽ ቀይ መብራቶች በሦስት ረድፍ የተበየዱበት አንድ ሰሌዳ ተቀምጧል። እንግዳ ሲያየው የገና ዛፍ ጌጥ ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ያለፉትን አምስት ወራት ቅዳሜና እሑዶች የፈጀብኝ የሁለትዮሽ ሰዓት ነው። አነባበቡ ከባድ አይደለም። የላይኛው ረድፍ አራት መብራቶች ከግራ ወደ ቀኝ 8፣ 4፣ 2 እና 1 የሚል ዋጋ ስላላቸው የበሩትን መደመር ብቻ ይበቃል፤ 8 እና 2 ከበሩ አሥር ሰዓት ነው። መካከለኛው ረድፍ የደቂቃውን የአሥር ቤት፣ የታችኛው ደግሞ የአንድ ቤቱን ያሳያል።

በየቦታው ያየኋቸው ንድፎች ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን የ24 ሰዓት አቆጣጠር የተከተሉ ነበሩ። አርዱዊኖ የሚባለውን ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ ገዝቶ በፕሮግራም ስድስት ሰዓት ማስቀነስ ይቻል ነበር፤ ይህ ግን ለፈረንጅ ሰዓት ጋቢ እንደ መደረብ ሆኖ ተሰማኝ። እኔ የፈለግሁት ቆጠራው ራሱ የእኛ እንዲሆን፣ ማለትም ከ1 ተነሥቶ 12 ከደረሰ በኋላ ወደ 1 እንዲመለስ ነው። ቆጣሪ አይሲ (በየኤሌክትሪክ ምቱ አንድ እየጨመረ የሚቆጥር ትንሽ ቺፕ) ደግሞ ሲጀምር ከዜሮ ነው። እኛ ዜሮ ሰዓት የለንም፤ በግእዝ አኃዞች ውስጥም ዜሮ የለም።

መፍትሔው የተገኘው 74ኤችሲ161 ከሚባለው አይሲ ነው። ይህ ቆጣሪ ከ0 እስከ 15 የሚቆጥር ሲሆን፣ ዘጠነኛ እግሩ ወደ ዜሮ ቮልት ከወረደ በሚቀጥለው ምት መቁጠሩን ትቶ በአራት መግቢያዎቹ ላይ የተዘጋጀለትን ቁጥር ይይዛል። በቆጠራው ሂደት 8 እና 4 ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው የሚበሩት 12 ላይ ስለሆነ፣ ሁለቱን በአንድ ናንድ ጌት (ሁለቱም መግቢያዎቹ ሲበሩ ብቻ ውጤቱ ወደ ዜሮ ቮልት በሚወርድ ዑደት) አገናኝቼ ውጤቱን ወደ ዘጠነኛው እግር ሰደድሁት፤ በመግቢያዎቹም 1ን አስቀመጥሁ። ከዚያ ወዲያ ከ12 ቀጥሎ የሚመጣው 1 ሆነ። ከሥራው ሁሉ ደስ ያሰኘኝ ይህች አንዲት ጌት ናት።

ምቱን የሚሰጠው ክሪስታል ከምናለሽ ተራ ከገዛሁት የተበላሸ የግድግዳ ሰዓት የወጣ ነው። በሴኮንድ 32,768 ጊዜ ይርገበገባል፤ ይህም ለሁለት 15 ጊዜ ሲካፈል በሴኮንድ አንድ ምት ይሆናል። 4060 የሚባለው አይሲ አሥራ አራቱን ጊዜ ያካፍላል፤ የቀረውን አንዱን 4013 የሚባለው፣ ሁለት አካፋዮች የያዘ አይሲ፣ በአንደኛው ግማሹ ይጨርሰዋል። ከመስመሩ ኤሌክትሪክ 50 ዑደት መቁጠርም ይቻል ነበር፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ግን ሰዓቱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በአራት ቻርጅ የሚደረጉ ባትሪዎች ደገፍሁት።

ሰዓቱ መሥራት እንደ ጀመረ እጄን ወደ ሰሌዳው ባቀረብሁ ቁጥር የላይኛው ረድፍ በሙሉ ይጠፋ ጀመር፤ ያ የሌለው ዜሮ ሰዓት መጣ ማለት ነው። ሁለት ሳምንት ብየዳውን ስፈትሽ ከረምሁ። በመጨረሻ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ሱቃቸውን ወደ መርካቶ ወዳዛወሩ አንድ የሬዲዮ ጠጋኝ ወሰድሁት። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው በቴስተራቸው ጫፍ አንዱን ቦታ ነካ አደረጉና፣ «ልጄ፣ ይኼ እግር እኮ ባዶውን ቀርቷል» አሉኝ። የአይሲው አንደኛ እግር፣ ቆጠራውን የሚሰርዘው፣ ከአምስት ቮልቱ ጋር ሳይገናኝ ተንሳፍፎ ነበር። የሒሳብ ነገር ሳነሣባቸው ሳቁና ለሻይ እንድጋብዛቸው ብቻ ጠየቁኝ።

ቀንና ሌሊቱን የሚለይ አሥራ ሁለተኛ መብራት የጨመርሁት ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ ሰዓቱ ከ12 ወደ 1 ሲሻገር እንዲለወጥ አሰብሁ። እናቴ ይህን ስነግራት፣ «ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ይባላል እንጂ ከሌሊቱ አሥራ ሁለት የሚል ሰው ሰምተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ንጋት የሚጀምረው 12 ሲገባ ነው። እንደ ዕድል ሆኖ ሁለት ጌቶችና ከ4013 ግማሹ ሥራ ፈትተው ስለ ነበር አዲስ አይሲ መግዛት አላስፈለገኝም፤ የናንዱን ውጤት በአንደኛዋ ጌት ገልብጬ ወደ ሥራ ፈቱ ግማሽ አገባሁት፤ እሱም 12 በገባ ቁጥር መብራቱን ይለውጠዋል።

ትናንት ማታ ከእናቴ ጋር ፊት ለፊቱ ተቀምጠን ጠበቅን። አሥራ አንድ ሰዓት ከሃምሳ ዘጠኝ ላይ የቀኑን መብራት ጨምሮ ስምንቱ በርተው ነበር፤ ከዚያም በአንድ ምት ሰባቱ ጠፍተው የላይኛው ረድፍ 4 በራና በሰሌዳው ላይ 8 እና 4 ብቻ ቀሩ።