ባጃጅ የማያውቀው ታፔላ

ሥራዬ ታፔላ ነው። ደብረ ማርቆስ ላይ ባነር አትማለሁ፣ ስቲከር እቆርጣለሁ፣ ላይት ቦክስ እገጥማለሁ፤ አልፎ አልፎ "በቀለም ይሁንልኝ" የሚል ሲመጣም ብሩሼ አለ። ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ የምጠይቀው ስንት በስንት እንደሚፈልግ ነው፤ ቀጥሎ ስሙን። ስፋቱ ቶሎ ያልቃል። ስሙ ላይ ግን ቀኑን ሙሉ ስንነታረክ እንውላለን። ሰውየው አንድ ስም ይዞ ይመጣል፣ ሚስቱ ትደውልና ይቀየራል፣ ዲዛይኑን በቴሌግራም ለልጁ ይልክና ልጁ ደግሞ ሌላ ይላል። አንድ ባለ ካፌ "ዱባይ" ሊያስብል መጥቶ እናቱን በስልክ ሲያማክር እኔው ፊት ተቆጡት። "በቃ ጮቄ በለው" ብሎኝ ወጣ። እናትየው የተወለዱት ጮቄ ተራራ ሥር ነው። እኔ እናትየውን ወደድኳቸው፤ እውነቱን ለመናገር ዱባይ የሚል ታፔላ መሥራት ሰልችቶኛል።

ከፍሎ ያሠራና የሰቀለ ሰው ስሙ የተሰየመ ይመስለዋል። ስም የሚያጸድቀው ሰፈሩ ነው፤ የሰፈሩ አፍ ደግሞ ባጃጅ ነው። አዲስ የተከፈተ ሆቴል ስም ጠርታችሁ ባጃጅ ውስጥ ግቡ። ሹፌሩ ግንባሩን ቋጠር ያደርግና "ኅብረት ሱቁ ጋ ያለው ነው?" ይላችኋል። የደርግ ጊዜው የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ዛሬ የለም። ልጁ ሲወለድም አልነበረም። ስኳርና ሳሙና ለመውሰድ ወረፋ የቆመችው አያቱ ናት። ታፔላው ከወረደ ዘመን የለውም፣ ቦታው ግን ዛሬም በእሱ ይጠራል። ከላይ የሚያበራው ባለ መብራቱ ታፔላ፣ እኔ ራሴ ያቆምኩት፣ ገና በሰፈሩ አፍ አልገባም። ባለቤቱ ባየኝ ቁጥር "መብራቱ አንሶ ነው?" ይለኛል። መብራቱስ ደህና ነበር።

የድሮው ስም የት እንደሚቀመጥ ከፈለጋችሁ ላሜራውን ፋቁት። ላሜራ ዋጋው ስለናረ ብዙ ሰው አሮጌውን ይዞ ይመጣና "እዚሁ ላይ ሥራልኝ" ይላል። በቅርቡ አንድ ባለ ሱቅ ከአባቱ የወረሰውን አመጣልኝ። ከላይ ሰማያዊ መደብ ላይ በነጭ "ሸቀጣ ሸቀጥ መደብር" ይላል። ሲፋቅ ከሥሩ ቀይ ወጣ፤ "ኅብ" የሚሉት ሁለት ፊደላት ደህና ይነበባሉ፣ የቀረው ተላልጧል። ጠርዙ አካባቢ ቀዩም ሲነሣ ሌላ አረንጓዴ ቀለም ተገኘ፣ ጽሕፈቱ ቀጠን ያለ፣ በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ የተደረገበት፤ "ወይዘሮ" ይላል፣ ሳያጥር፣ በሙሉ ፊደል። ስሟ ያለበት ቦታ በዝገት ተበልቷል። ከጎኑ "ሻይ ቤት" የሚል ቀርቷል።

ሦስት ቀለም፣ ሦስት መንግሥት። ወይዘሮዋ በንጉሡ ዘመን በስሟ ሻይ ቤት ከፍታ ትሠራ ነበር። በ1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ፣ ቀበሌዎችም ሲቋቋሙ፣ እንዲህ ያለ የሰው ስም ከብዙ በር ላይ ወርዶ በምትኩ ቁጥር ተለጠፈ። ቀበሌ ይህን ያህል፣ የቤት ቁጥር ይህን ያህል። ከ1983 በኋላ ደግሞ ቀዩ በሰማያዊ ተሸፈነ። ላሜራው ግን ያው ነው። ቆርቆሮ ቆራጭ አንድ ጊዜ የቆረጠው፣ አራቱ ጥግ ላይ የሚስማር ቀዳዳ ያለው፣ በየዘመኑ የተሰቀለው በእነዚያው ቀዳዳዎች ነው።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታፔላም እንዲሁ ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። ጠቅላይ ግዛት የሚለው ክፍለ ሀገር ተባለ፣ ክፍለ ሀገር የሚለው ቀርቶ ጎጃም በዞን ተከፋፈለ። አውራጃ የሚል ታፔላ ዛሬ የሚገኘው የመጋዘን ጣራ ላይ ቀዳዳ ተደፍኖበት ነው። ከተሞቹ ራሳቸውም ስም ቀይረዋል። ማርቆስ መንቆረር ነበረች፤ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በቤተ ክርስቲያኑ ስም ደብረ ማርቆስ አሏት። ወጀት የነበረችው ደግሞ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ከስደት ሲመለሱ በዚያ አልፈው ፍኖተ ሰላም ተባለች። የሚገርመኝ መንቆረር አለመሞቱ ነው። ዛሬም "መንቆረር" ብሎ የሚያጽፍ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ወጣት ነው፣ ሽማግሌ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ማርቆስ ይበቃቸዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። "ጎጃም" የሚለውን ስም እዚህ ከምጽፈው ይልቅ አዲስ አበባ ያየሁት ይበልጣል። የጎጃም ጤፍ፣ የጎጃም ቅቤ፣ የጎጃም ማር። እዚህ ማን ያጽፈዋል? እዚህ ሰው የሚያጽፈው ሞጣ፣ ብቸና፣ ቢቡኝ፣ ማቻከል፣ ጎዛምን እያለ ነው፣ የወጣበትን ከተማ ወይም ወረዳ። አባይን ሲሻገር ነው ሁሉም ጎጃሜ የሚሆነው። የደጀንን ቁልቁለት ወርዶ፣ ድልድዩን አልፎ፣ ጎሃ ጽዮን ሲወጣ ታፔላው ሰፋ ይላል።

ሥራውን ያስተማሩኝን ሰው የኔታ እንላቸው ነበር። ሌላ ስም የሚጠራቸው ሰው አላጋጠመኝም። በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ገብተው፣ ዋሸራ ከርመው፣ ቁም ጽሕፈት የተማሩ ናቸው። ብራና በወስፌ እያሰመሩ በመቃ ብርዕ የጻፉበት እጅ ነው ወደ ላሜራ የመጣው። ጥቁሩን ቀለም ራሳቸው ከጥላሸት ይበጠብጡ እንደነበር ይነግሩናል፤ እኛ ከሱቅ የሚገዛውን ዘይት ቀለም በአኳራጅ ስናቀጥን እያዩ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

አሠራራቸውን ልንገራችሁ። ዝገቱ ይፋቃል፣ አንቲረስት ይቀባል፣ ሲደርቅ መደቡ ይለቀለቃል። ከዚያ በጠመኔ የታሸ ክር ከዳር እስከ ዳር ተወጥሮ፣ መሐሉ በጣት ተነሥቶ ይለቀቃል፤ ላሜራው ላይ ነጭ መስመር ይቀራል። ከላይ አንድ፣ ከታች አንድ። ፊደል በሁለቱ መካከል ይገባል። የኔታ በእርሳስ አይነድፉም። ብሩሹን ከግራ አስነሥተው ሲወርዱ የ"መ" ሆድ፣ የ"ጎ" እግር፣ ሁሉም ልኩን ይዞ ይወጣል፤ መጨረሻው ፊደል ላይ ቦታ አይተርፋቸውም፣ አያጥራቸውምም። እኔ ዛሬ በኮምፒውተር ፓወር ግዕዝ ከፍቼ ፊደሉን እየለጠጥኩ ልክ አስይዘዋለሁ። የተለጠጠ ፊደል ከሩቅ ይታወቃል። እግሩ ይወፍራል፣ አንገቱ ይቀጥናል። ደንበኛ አያስተውለውም፤ እኔን ግን ባየሁት ቁጥር ያሳክከኛል።

የኔታ ታፔላ ላይ የጻድቅ ወይም የሰማዕት ስም ሲመጣ በቀይ ይጽፉታል። "ማርቆስ ሻይ ቤት" ከሆነ "ማርቆስ" ቀይ፣ "ሻይ ቤት" ጥቁር። ሰው ለማሳመር ይመስለው ነበር። ብራና ላይ የአምላክ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ እሳቸው ያንኑ ነው የሚያደርጉት። አንዱ አረቄ ቤት በቅዱስ ስም ሊሰይም ሲመጣባቸው ብሩሹን አስቀምጠው "ልጄ፣ የራስህ ስም ምን ሆነ?" አሉት። በራሱ ስም ተሠራለት።

ጎጃም ውስጥ ታፔላ ሲሰቀል ቆሞ የሚያርም አይጠፋም። ይህ ሌላ ቦታም ይኖር ይሆናል፣ እንደዚህ ግን አይመስለኝም። አንድ ሥጋ ቤት አዲስ አበባ አሳትሞ ያመጣውን ባነር እንድሰቅልለት ጠራኝ። መሰላል ላይ ሳለሁ አንድ መሪጌታ ከታች ቆሙ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው።

"ይህን ማን ጻፈው?"

"አዲስ አበባ ነው የታተመው፣ መሪጌታ።"

"ሥጋ በንጉሡ ሠ እንጂ በእሳቱ ሰ ይጻፋል እንዴ? በእሳቱስ ገና ሊጠበስ ነው!"

መንገዱ ሳቀ። ባለቤቱ ግን አልሳቀም፤ ጾም ሊፈታ ስለሆነ ገበያውን አስቦ ባነሩን አስወርዶ በአዲስ አሠራኝ፣ መስቀሉንም ደምቆ እንዲታይ አዘዘ። ሥጋ ቤት መስቀል ወይም ጨረቃ ሳይኖርበት አይወጣም፤ ከፊደሉ ቀድሞ የሚነበበው እሱ ነው። መሪጌታው በሳምንቱ ተመልሰው አይተው "አሁን ይበላል" ብለው ሄዱ። እኔ ድምፃቸው አንድ የሆነው ፊደላት ይቀነሱ ከሚሉት ጋር ብዙም ጠብ የለኝም፤ ስልክ ላይ ስጽፍ ራሴም እንደመጣልኝ ነው። ላሜራ ላይ ግን ንጉሡ ንጉሥ፣ እሳቱ እሳት እንዲሆን እፈልጋለሁ። ይህን ከማን እንደወረስኩት ግልጽ ነው።

ፊደል ስል እንጅባራ ትዝ አለችኝ። ከማርቆስ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጋችሁ ኮሶበር፣ እንጅባራ ማለት ነው፣ ስትገቡ የመሥሪያ ቤቱ ታፔላ በአማርኛና በአገውኛ ነው። ሁለቱም በግዕዝ ፊደል፣ ስለዚህ በመኪና ለሚያልፍ ሰው አንድ ቋንቋ ይመስለዋል። ወረድ ብሎ ያየ ግን "ጘ"ን ያገኛል። "ገ"ን ይመስላል፣ ምልክት ተጨምሮበታል፤ በአማርኛ የሌለ ድምፅ ነው፣ በአፍንጫ የሚወጣ። አንድ የአዊ ደንበኛዬ የሱቁን ስም በአገውኛ ጽፎ በስልክ ሲልክልኝ የምጠቀምበት የኮምፒውተር ፊደል በዚያ ቦታ ላይ ባዶ ሳጥን አደረገልኝ። ፊደሉን ከሌላ አፈላልጌ ባገኘውም ከጎረቤቶቹ ጋር አልገጥም አለ፣ ቀጭን ሆነ። መጨረሻ ላይ በእጅ ነድፌ ቆረጥኩት። ደንበኛው ከጎኑ ፈረስ እንዲኖር ፈልጓል። ስለ ፈረስ የአዊን ሰው አትከራከሩት። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ጀምሮ ያለ ነው፣ ጥር 23 ሲደርስ ሜዳው በፈረስ ይሞላል። ከኢንተርኔት ያወረድኩለትን ፈረስ አይቶ "ይህ የፈረንጅ ነው፣ ጌጡ የታለ?" አለኝ። ኮርቻውንና ግንባሩ ላይ የሚንዠረገገውን ጌጥ ከራሱ ስልክ ፎቶ አምጥቶ አሣለኝ።

እንዲህ ያለ ደንበኛ ይባረክ። የሚያስቸግረኝ "የባህል ነገር ጣልበት" ብሎ የሚሄደው ነው። ጀበና እጥልበታለሁ፣ መሶብ እጥልበታለሁ፣ ደስ ብሎት ይከፍላል፤ ያንኑ ጀበና ግን ጂማም መቀሌም ሐዋሳም ታገኙታላችሁ።

ፊደልም ሥዕልም የሌለው ታፔላ ደግሞ አለን፣ የሚያህለው የለም። ጣሳ። በዘንግ ጫፍ ላይ ተደፍቶ ደጅ ላይ የተተከለ ጣሳ ካያችሁ ጠላ ደርሷል፤ ከተነሣ አልቋል። እኔ የማትመው ባነር "ክፍት ነው" እያለ ተዘግቶ ያድራል። ጣሳው አይዋሽም። አንዲት ጠላ ሻጭ እትዬ "ባነር ልሥራልዎት?" ስላቸው "ማን ሊያነበው?" አሉኝ። ደንበኞቻቸው ሁሉ ማንበብ የሚችሉ ናቸው። የገባኝ በኋላ ነው፤ ጣሳውን የሚፈልግ ሰው ዓይኑ ዘንግ እንጂ ጽሑፍ አይፈልግም ማለታቸው ነው።

ሰሞኑን በአንድ ከተማ ታፔላ ሁሉ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ቁመት፣ በአንድ የፊደል ዓይነት ይሁን የሚል ትእዛዝ ወጥቶ ሥራ ጎርፎልን ነበር። ገንዘቡን አልጠላሁትም። መንገዱ ጽድት ብሎ መታየቱንም አልክድም፤ ገመድና ሽቦ የተንጠለጠለበት፣ አንዱ ሌላውን የጋረደው ታፔላ የሚናፈቅ ነገር አይደለም። ግን ሥጋ ቤቱ፣ ፋርማሲው፣ የሬሳ ሣጥን መሸጫው አንድ ዓይነት ነጭ ፊደል በግራጫ መደብ ሲለብሱ ገጠሬው ግራ ገባው። ለገበያ የመጣ አንድ ሽማግሌ ወፍጮ ቤቱን አጥተው ድምፁን ተከትለው ነው ያገኙት። የወረደው ላሜራም ሁሉ በኪሎ ለቁራሌው ተሸጠ። የየኔታ እጅ ያለበት ስንቱ እንደሄደ እንጃ።

እኔ ከዚያ ወዲህ የማደርጋት ነገር አለች። አሮጌ ታፔላ ከመፋቄ በፊት በየንብርብሩ ፎቶ አነሣለሁ። አዲሱ ላይ ደግሞ፣ ደንበኛው ከፈቀደ፣ ከታች በቀኝ ጥግ በትንሽ ፊደል የቦታውን የቀድሞ ስም እጽፋለሁ። "ቀድሞ ኅብረት ሱቅ" እንደማለት። አንዳንዱ "ሰው የዕቃ ወረፋ መስሎት ይሸሻል" ብሎ ይከለክለኛል። አንዳንዱ ይስማማል፣ ባጃጅ ሹፌሮችም ወደውታል።

ባለ ሦስት ቀለሙ ላሜራ አሁንም ሱቄ ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ባለቤቱ የወይዘሮዋን ስም ሰፈሩ ውስጥ ካሉ እማሆይ ጠይቆ አግኝቶታል። እንዲጻፍ ግን አልቆረጠም፤ "ዘመዶቿ ቤቱን ይጠይቁኛል" ብሎ ፈርቷል። ዘመድ ካላት ታፔላ ሳያይም ይመጣል ብዬዋለሁ። ለጥጓ ጽሑፍ ዋጋ አልጨምርበትም። ቅዳሜ መጥቶ ይነግረኛል።