ሩጹ

ዛሬ ጠዋት ለዚችው ለቀኝ ጉልበቴ ኩፓት ሆሊም፣ ክሊኒኩ፣ ሄጄ ነበር። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም፣ እኔም ሲከፋኝ ነው ያደረው፣ በምን እንደሆነ እንጃ። ፊዚዮቴራፒስቷ ጉልበቴን በሁለት እጇ ይዛ እያጠፈች እየዘረጋች አጠገቧ ለቆመችው ተማሪ ታስረዳለች፣ "ቤሬኽ፣ ቤሬኽ" ትላለች፣ ያው በዕብራይስጥ ጉልበት ማለት ነው፣ ስንት ዓመት የሰማሁት ቃል፣ ዛሬ ግን ድንገት "ብርክ" ሆኖ ተሰማኝ። ብርክ ያዘኝ እንል የለ? ተንበረከከ እንል የለ? ግዕዙም ጉልበትን ብርክ ነው የሚለው። ከዛ በኋላ ያሳየችኝን መልመጃ አንዱንም አልያዝኩትም፣ ልቤ ወደዛች ዓመት ሄዶ ቀረ።

እስራኤል የመጣነው በዘመቻ ሰለሞን ነው፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983፣ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰው ከአዲስ አበባ የተጫነ ጊዜ። 13 ዓመቴ ነበር። ቤተሰቡ ካራቫን፣ ተገጣጣሚ ቤት ማለት ነው፣ ገባ፣ እኔ ሴፕቴምበር ላይ ትምህርት ሲከፈት ወንዶች ብቻ የሚማሩበት ሃይማኖታዊ ፕኒሚያ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ ተላክሁ፣ ያኔ የኛን ጎረምሶች አብዛኛውን እንደዛ ነበር የሚያደርጉት፣ ከእናት ከአባት ለይቶ አዳሪ። ስለ መለየቱ ሌላ ቀን እጽፋለሁ፣ ዛሬ አልችልም።

ክፍል ውስጥ ድዳ ነበርኩ። ጎንደር እያለን፣ አዲስ አበባ ወርደን ኤምባሲ ደጅ ከመጠበቃችን በፊት፣ ከክፍሌ አንደኛ ሁለተኛ የምወጣ ልጅ ነኝ፣ እዚህ ግን ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ከቀኝ ወደ ግራ ሲሄድ እያየሁ አንገቴን ደፍቼ እውላለሁ። የቋንቋ አስተማሪያችን ስለኛ ለሌሎቹ ሲያወራ አንዲት ቃል ትደጋገም ነበር፣ "ሜኤፌስ"። ትርጉሟ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው፣ ከዜሮ ማለት ነች። እነዚህ ልጆች የሚጀምሩት ከዜሮ ነው ማለቱ ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፣ ያመነበትን ነው የተናገረው፣ ያቺ ቃል ግን እስከዛሬ ከውስጤ አልወጣችም።

ሜዳ ላይ ሌላ ነበር። የመጀመሪያው የስፖርት ሰዓት ላይ አሰልጣኙ አሰለፈንና ፊሽካውን ነፍቶ "ሩጹ!" አለ። አስተርጓሚ አላስፈለገንም፣ ሩጡ ነው፣ ሮጥን። እዚህ አገር ማንም ሳይተረጉምልኝ የገባኝ የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው። ጣቱን በክብ እያዞረ ደሞ "አርባ" አለ። አርባ በነሱ አራት ነው፣ እኛ ግን አርባ ነዋ የሰማነው! አራተኛው ዙር ሲያልቅ ራሺያኖቹ ልጆች ቆመው ሳሩ ላይ ተዘረሩ፣ ከጎንደር የመጣነው አምስታችን አልቆምንም። ፊሽካ ይነፋል፣ ይጮሃል፣ እኛ በርቱ የሚለን መስሎን ጭራሽ ጨመርን። አስራ አንደኛው ዙር ላይ መንገዳችን መሃል ገብቶ እጆቹን ዘርግቶ ቆመ፣ ከዛ አውራ ጣቱን አጥፎ አራቱን ጣቶቹን ፊታችን ላይ አቆማቸው። አርባ፣ አለ ቀስ ብሎ። ሳቀና "አበበ ቢቂላ!" ብሎ ትከሻ ትከሻችንን መታ መታ አደረገን። ሩጫው በደማችን ስላለ የሮጥን መስሎት ነበር። እኛ እኮ የታዘዝነውን ልንሞላ ነው፣ እኔማ በልቤ እየቆጠርኩ ነበር፣ ሃያ ዘጠኝ ይቀረኝ ነበር።

ሌላ ቀን ደሞ በአፍ ተንፍሱ ያለን መስሎኝ አፌን ከፍቼ ስሮጥ መጥቶ ጣቱን አፍንጫዬ ላይ አሳረፈ። አፍ ለካ በነሱ አፍንጫ ነው። (አፍንጫ ራሱ አፍን ይዞ የለ?)

በዛ ዓመት ዝናቡ የጉድ ነበር፣ ኢየሩሳሌም ላይ በረዶ የጣለበት ዓመት ነው፣ ሜዳው ጭቃ ሲሆን አዳራሽ ያስገባንና የሰውነት ክፍል እየጠራ ያሟሙቀናል። ሮሽ፣ ኦዜን፣ ያድ፣ ቤሬኽ፣ ያሚን፣ እኔ ደሞ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የሰማሁትን በኛው ፊደል ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ከጎኑ አማርኛውን። የክፍሉ ደብተር ሌላ ነው፣ ይቺ የሜዳ ደብተሬ ነበረች።

ለፋሲካ ካራቫኑ ጋ ስመለስ ይዣት ሄድኩ። አያቴ የቤተ እስራኤል ቄስ ነበሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ኦሪቱንም ዳዊቱንም በግዕዝ ነው ያሉት። እዚህ ከመጣን ወዲህ ምንም የሚጠይቃቸው ሰው የለም፣ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው ጭራቸውን ይዘው ካራቫኑ ደጅ ፀሐይ ይሞቃሉ። ደብተሬን ተቀብለው ገለጡት። ዕብራይስጥ አያውቁም፣ ፊደል ግን ማን እንደሳቸው። ጣታቸውን ከቃል ቃል እያሻገሩ ያነባሉ፣ መዳፋቸው እኔ ከጎን የጻፍኩትን አማርኛ ሸፍኖታል። ያሚን የሚለው ላይ ሲደርሱ "የማን" አሉ፣ ቀኝ እጃቸውንም ነቅነቅ አደረጉ። ኦዜን ላይ "እዝን"፣ ጆሯቸውን ነኩ። ያድ ላይ "እድ"። ቤሬኽ ላይ "ብርክ"። ከዛ ቀና ብለው አዩኝና "ይሄማ የኛው ነው ልጄ" አሉኝ።

ከዜሮ የተባልኩት እኔ! ለምን አንድ ሰው አልነገረንም? ለምን አንድ ቀን እንኳ እኚያን ሽማግሌ ክፍል ጠርተው ሰሌዳው ፊት አላቆሟቸውም? ሠላሳ ምናምን ዓመት አለፈው፣ አሁንም ያንገበግበኛል። ለራሴ አይደለም፣ እኔ ቋንቋውን ተምሬዋለሁ፣ በህልሜም የማወራው በሱ ነው። ለሳቸው ነው። ያን ሁሉ ይዘው ደጅ ላይ ተቀምጠው ነበር፣ አንድ ጠያቂ አጥተው።

ገጹ መጨረሻ ላይ "ሩጹ" የሚለው ነበረ። እሱ ላይ ጣታቸውን አቆሙና ከዳዊት አንድ መስመር በዜማ አሉ። ውጭ ልጆቹ ኳስ ይዘው ይጠሩኛል፣ እሺ አባባ ብዬ ደብተሬን ተቀብዬ ሮጥኩ። በዓመቱ አረፉ።

አሁን መሽቷል፣ ዝናቡ አልቆመም፣ ተሂሊሙን፣ የዕብራይስጡን ዳዊት፣ ገልጬ ሩጫ ያለበትን እየፈለግሁ ነው። ምዕራፍ 119 ቁጥር 32 ላይ አለ፣ የግዕዙ ዳዊት 118 ብሎ የሚቆጥረው፣ በትእዛዝህ መንገድ እሮጣለሁ የሚለው። የቄስ ነገር፣ እሱን ይሆናል ያሉት ብዬ ልዘጋው ስል ደሞ 19ኛው ላይ ፀሐይ በመንገዷ ለመሮጥ እንደ ጀግና ደስ ይላታል የሚለውን አገኘሁ። ያን ቀን ፀሐይ እየሞቁ ነበር እኮ። የቱን ነበር ያሉኝ?