ምሳ ሳትበላ የወፈረችው ናሙና

ሐምሌ 2017 ነው፤ ቂሊንጦ። የአዲስ አበባን ዳርቻ በክረምት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከአስፋልቱ ወርዳችሁ እኛ ግቢ እስክትደርሱ ጭቃው ጫማችሁ ላይ አንድ ሁለት ኪሎ ይጨምርበታል። ይሄን ነገር ያኔ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ከብዙ ሐፍረት እድን ነበር።

የምሠራው አንዲት ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው፤ ቴክኒሺያን ነኝ። ሥራችን ከጭስ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ነጥሎ የሚያስቀር ቁስ መሞከር ነበር። በወሬ ደረጃ ትልቅ ነገር ይመስላል። እጅ ላይ ሲመጣ ግን አንድ የብረት ቱቦ፣ መቶ ግራም ነጭ እንክብል፣ አንድ ሚዛንና ግቢ ውስጥ የሚንተከተክ አንድ ጀነሬተር ነው።

እንክብሏ ዜዮላይት ትባላለች፤ 13ኤክስ የሚሉት ዓይነት። ከአሉሚኒየም፣ ከሲሊከንና ከኦክስጅን የተሠራች ናት። በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላች ስለሆነች የማር እንጀራ አድርጋችሁ አስቧት። ጭስ ሲያልፍባት ናይትሮጅኑ መንገዱን ይቀጥላል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ቀዳዳዎቿ ውስጥ ይለጠፋል። ስትሞቅ ትለቀዋለች፤ ስትቀዘቅዝ እንደገና ለሥራ ዝግጁ ናት። የቆየው መንገድ አሚን የሚባለውን ኬሚካል በውሃ በጥብጦ ጭሱን በእሱ ማጠብ ነው፤ የፈጠራ መብቱ ከተሰጠ ከ90 ዓመት በላይ ሆኖታል። ችግሩ ጋዙን መልሶ ለማስለቀቅ ያን ሁሉ ፈሳሽ እስከ 120 ዲግሪ ማሞቅ ያስፈልጋል። አብዛኛው ፈሳሽ ደግሞ ውሃ ነው። ውሃ ለማፍላት የሚወጣውን ማገዶ ማንም የቤት እመቤት ትነግራችኋለች። ለዚህ ነው ዓለም ወደ ደረቅ ቁሶች ፊቱን ያዞረው።

«ፀሐይና ግድብ እያለ ጭስ መያዝ ለምን?» የሚለኝ አይጠፋም። መልሴ ሲሚንቶ ነው። ዋና ጥሬ ዕቃው የኖራ ድንጋይ ነው፤ መቶ ኪሎ ንጹህ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። ከማገዶው አይደለም፣ ከራሱ ከድንጋዩ ነው። ምድጃውን በሕዳሴው ግድብ መብራት ብታነዱት እንኳ ያ 44 ኪሎ ከመውጣት አይቀርም። ከተማዋ በየአቅጣጫው ኮንክሪት እየለበሰች እያያችሁ ይሄ ነገር አያገባንም ማለት ይከብዳል።

ወደ ጉዴ ልመለስ። የጀነሬተሩን ጭስ በጥጥ አጣርተን፣ በባልዲ ውሃ ውስጥ በተጠመጠመ የመዳብ ቱቦ አቀዝቅዘን፣ በእንክብሎቹ ውስጥ ስድስት ሰዓት አሳለፍነው። ከዚያ መዘንን። መቶ ግራሟ 122 ግራም ሆናለች። 22 ግራም!

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው መጠርጠር የነበረብኝ። የጀነሬተሩ ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስምንት በመቶ ገደማ ነው። እንክብሏ ደግሞ በንጹህ ጋዝ እንኳ የምትይዘው 20 ግራም ቢሆን ነው። ያውም በባሕር ጠለል ላይ። እኛ ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ቢሆን ነው። ግፊት ሲቀንስ የሚለጠፈውም ጋዝ ይቀንሳል። ስለዚህ የኛ ቁጥር በባሕር ጠለል ላይ ከተለካው ማነስ ሲገባው በልጦ ተገኘ። ይሄን ያየ ሰው ያቆማል። እኔ ግን ሰው የሚወደውን ቁጥር አይመረምርም መሰለኝ፣ ለተለማማጇ ልጅ «አየሽ!» ብዬ ፎቶ አንስቼ ለኃላፊያችን ላክሁ። እሱም በደስታ ተቀበለው። በማግስቱ እንግዶች ስለሚመጡ ቁጥሯን ጽሑፉ ላይ አስገባት።

በዚያው ቀን፣ አዲስ የደረቀች 10 ግራም እንክብል ሚዛን ላይ አስቀምጬ ምሳ ሄድኩ። የሚዛኑን መስታወት መዝጋት ረስቻለሁ። ሽሮዬን በልቼ፣ ቡና ደግሜ ስመለስ ተለማማጇ ሚዛኑ ፊት ቆማለች።

«ጋሼ፣ ይቺ ነገር 10 ግራም አልነበረችም?»

«ነበረች።»

«አሁን 10.61 ትላለች። እኛ ነን ምሳ የበላን ወይስ እሷ?»

ሳቅሁ። ከዚያ ሳቁ አፌ ላይ ቀረ። ጭስ አላሳለፍንባትም። ያለችው ክፍል ውስጥ ነው። የክፍል አየር ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከሚሊዮን 420 እጅ ገደማ ብቻ ነው። ወረቀት ላይ አሰላነው። በአንድ ሜትር ኩብ የቂሊንጦ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ ግራም ብዙም አይበልጥም። በሐምሌ የዚያው አየር እርጥበት ግን ከአስር ግራም በላይ ነው። እንክብሏ የጠጣችው ውሃ ነው።

ታዲያ የጠዋቱስ?

ከጠዋቱ እንክብሎች ትንሽ ቆንጥረን የመስታወት ቱቦ ውስጥ ጨመርንና ከሥር አሞቅናቸው። የቱቦውን ጫፍ በላስቲክ ወደ ኖራ ውሃ አስገባነው። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል በስትሮው የተነፈሳችሁበት የኖራ ውሃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲገባበት ወተት የሚመስለው። ጠበቅን። የቱቦው ግድግዳ መጀመሪያ ጉም ለበሰ። ከዚያ ጠብታ። ከዚያ ጠብ ጠብ ጠብ። የኖራው ውሃ ግን እንደ ነገሩ ደፍረስ አለ እንጂ ወተት አልሆነም።

ናፍጣ ሲቃጠል የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ብቻ አይደለም፤ ውሃም በእንፋሎት መልክ ይወጣል። በሞለኪውል ቁጥር ከሄድን እኩል ለእኩል ናቸው ማለት ይቻላል። የባልዲው ውሃ ከፊሉን አስቀርቶታል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። 13ኤክስ ደግሞ ውሃ ካገኘች ካርቦን ዳይኦክሳይድን ዞር ብላ አታየውም። እንዲያውም ቀድሞ የገባውን አስወጥታ ውሃውን ታስገባለች። ባለቤቱን ያስወጣ እንግዳ በሉት።

ስልኩን አነሳሁ። እጄ ትንሽ ከብዶኛል።

«ዶክተር፣ ያ የላክሁልዎት ቁጥር…»

«እ?»

«ውሃ ነው።»

ዝም አለ። «ስንቱ?»

«አብዛኛው።»

«ነገ ጠዋት እንግዶች እንዳሉብን ታውቃለህ አይደል?»

«አውቃለሁ።»

ይቆጣል ብዬ ነበር። «በል ደረቁን ሠርታችሁ ጠብቁኝ» ብሎ ዘጋው። ከቁጣ የባሰ ነው።

ሌሊቱን ግቢ አደርን። እንክብሎቹን በ300 ዲግሪ ማድረቅ ሰዓታት ይወስዳል። እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል መብራት ጠፋ። ጀነሬተር አለን፤ ግን ጀነሬተሩ የጭሳችን ምንጭ ነው! ምድጃውን ሲሸከም ጭሱ ይለወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ እንክብሉን አደረቅንበት፣ ቀጥሎ ጭሱን ወሰድንበት። ጥበቃው ፎጣቸውን ተከናንበው መጥተው «ልጆቼ፣ ይሄን ጭስ ነው እንቅልፍ አጥታችሁ የምትይዙት?» አሉን። አዎ አልናቸው። ጋቢያቸውን ደግሞ ለተለማማጇ አለበሷት።

በዚህ ዙር ከእንክብሎቹ በፊት ሲሊካ ጄል የሞላ ቱቦ አስገባን። ጫማ ካርቶን ውስጥ በትንንሽ ከረጢት የምታገኟት «አትብሉ» የሚል የተጻፈባት ነገር ናት፤ እርጥበት ትመጥጣለች። ጎህ ሲቀድ መዘንን። 8 ግራም። ለጀነሬተር ጭስ፣ በዚህ ከፍታ፣ የሚያስገርም ቁጥር አይደለም። ግን ስናሞቀው የኖራው ውሃ ወዲያው ወተት ሆነ። እንደዚያ ቀን ወተት አምሮኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ስለ አዲስ ቁስ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ስንት እንደያዘ አይደለም፤ ጭሱ እርጥብ ነበር ወይስ ደረቅ የሚለውን ነው። መስከረም 28 ቀን 2018 የኬሚስትሪው ኖቤል ለሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ለሪቻርድ ሮብሰንና ለዖማር ያጊ መሰጠቱ ሲታወጅ ቢሮው በወሬ ሞላ። የተሸለሙት ብረትንና ኦርጋኒክ ሞለኪውሎችን እንደ ማገርና ምሰሶ አያይዘው ሰፋፊ ቀዳዳ ያላቸው ቁሶች በመሥራታቸው ነው። አንድ ግራሟ ውስጥ ያለው ገጽ ቢዘረጋ ስንት ሜዳ ይሸፍናል የሚለው ነገር ሁሉንም አስደመመ። እኔን የያዘኝ ግን የዚሁ ቤተሰብ የሆነችው ካልፍ-20 ናት። ከዚንክ የተሠራች ናት፤ ካናዳ ካልጋሪ ውስጥ ነው የተወለደችው። ጥናቷ በአውሮፓውያኑ 2021 ሲወጣ ትልቁ ነገር የምትይዘው መጠን አልነበረም። አንጻራዊው እርጥበት እስከ 40 በመቶ ቢደርስም ከውሃው ይልቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መምረጧ ነበር። ሐምሌ ቂሊንጦ ላይ ያልዋለ ሰው ይሄ ለምን እንደሚያስደስት ላይገባው ይችላል።

ወደዚያ የሐምሌ ጠዋት ልመለስ፤ እንግዶቹ መጡ። ኃላፊያችን 22ን ሰርዞ 8 ብሎ አቀረበ፤ ለምን እንደተሰረዘም ሳይደብቅ ተናገረ። አንዱ እንግዳ «ትንሽ አይደለም እንዴ?» አለ።

«ትንሽ ነው» አለ ዶክተሩ። «ግን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።»

የላቦራቶሪው መዝገብ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ አለ። የዚያን ቀኗ 22 ላይ በቀይ እስክሪብቶ አንድ መስመር አልፎባታል። ከጎኗ ተለማማጇ በትንንሽ ፊደል «የጋሼ ውሃ» ብላ ጽፋበታለች።