የጣርማ በር ዳገትና የራዲያተር ክዳን

ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ በደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር የሚወጣ መኪና ውሃ ሲያፈላ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው ፋኑን ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን እዩ እላለሁ። 3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ ክፍት ከሆነ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ጤነኛ ሞተርም የሚሠራው እዚያው ሙቀት አካባቢ ነው። እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ አፍኖ የሚያቆየው ግፊት ነው። የክዳኑ ጎሚኒ (የላስቲክ ማሸጊያው) ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ግፊቱ ያመልጣል። ስትቀይሩ አሮጌው ላይ የተጻፈውን የግፊት ቁጥር ጠብቁ፤ 0.9 ከሆነ 0.9፣ 1.1 ከሆነ 1.1።

መንገድ ላይ ከፈላ ጥግ ይዛችሁ ጎማውን በድንጋይ አስደግፉ። ክዳኑን እባካችሁ ቢያንስ 30 ደቂቃ አትንኩት፣ ፊት ያቃጥላል። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክዳን) ሊሰነጥቅ ይችላል። ስትነሱ ድንጋዩን ከአስፋልቱ አንሱት፤ ጉም ሲወርድ ለኋለኛው ሾፌር አይታየውም።