ጭድ፣ ፉርሽካና አረንጓዴ ሻጋታ

የምሠራበት ላብራቶሪ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ወጣ ብሎ ነው። በመስኮቱ ወጨጫ ይታያል። ከአጥሩ ማዶ ጭድ ይከመራል፣ አጣና ይሸጣል፣ የእንጨት ቤቱ መጋዝ ከጠዋት እስከ ማታ ሰጋቱራ ይተፋል። ሥራዬ ይህን ሁሉ ወደ ስኳር የሚፈቱ የፈንገስ ኢንዛይሞችን መለየትና ማምረት ነው። «ጭድ እንዴት ስኳር ይሆናል?» ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፦ ድሮም ስኳር ነው። ሴሉሎስ ማለት ግሉኮስ ከግሉኮስ ጋር እየተያያዘ የተሠራ ረጅም ሰንሰለት ነው። ችግሩ ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀዋል፣ ከሄሚሴሉሎስ ጋር ተጠላልፈዋል፣ በላያቸው ደግሞ እንጨትን የሚያጠነክረው ሊግኒን ተለስኖባቸዋል። ላም እንኳ በራሷ አትፈታውም፤ በጨጓራዋ የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው የሚፈቱላት።

ፈንገስ የሚመቸኝ ኢንዛይሙን በብዛት ወደ ውጭ ስለሚያመነጭ ነው። ሴል መስበር የለም፤ ማጠብና ማጥለል ብቻ። የዘርፉ ዝነኛ ፈንገስ ትራይኮደርማ ሪሴይ ይባላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሰሎሞን ደሴቶች የአሜሪካ ጦር የጥጥ ሸራ እየበሰበሰ ሲያስቸግር፣ ከበሰበሰው ሸራ ላይ ተለይቶ የወጣ ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሆን፣ ለተመራማሪው ኤልዊን ሪስ ክብር ነው። ዛሬ በዓለም የሚሸጠው ሴሉሌዝ፣ ማለትም ሴሉሎስን የሚፈታው ኢንዛይም፣ ብዙው የሚመረተው ከዚያ ሸራ ዘር በተባዙ ፈንገሶች ነው።

የእኔን ፈንገሶች የሰበሰብኩት ፈቃድ አውጥቼ ከመናገሻ ሱባ ደን፣ ክረምቱ እንደወጣ ነው። ጫካ ገብቶ ያገኙትን ግንድ ሁሉ መፋቅ ጉልበት መጨረስ ነው። ጥድ ለአጥር ቋሚ የሚመረጠው ስለማይበሰብስ ነው፤ ስለዚህ ጥዱን ትቼ እንደ ብሳና ያለ ለስላሳ እንጨት የወደቀበትን ፈለግኩ። ብስባሹን በዓይን መለየት ይቻላል። እንጨቱ ነጥቶ እንደ ቃጫ የሚተለተል ከሆነ ፈንገሱ ሊግኒኑንም በልቷል። ቡናማ ሆኖ እንደ ደረቀ ጭቃ በአራት ማዕዘን ከተሰነጣጠቀ ደግሞ ሴሉሎሱን በልቶ ሊግኒኑን ትቶታል። እኔ ከሁለቱም ወሰድኩ፤ ከሥር ካለው የቅጠል ብስባሽ ደግሞ ትራይኮደርማና አስፐርጊለስ አገኘሁ።

ማሳደጊያውን ከገበያ ድንች ነው የምንሠራው፦ ለአንድ ሊትር 200 ግራም ድንች ቀቅሎ ማጥለል፣ ዴክስትሮስና አጋር መጨመር፣ ባክቴሪያ እንዳይገባበት ክሎራምፌኒኮል። ለመጀመሪያው ማጣሪያ የሚሟሟ ሴሉሎስ ያለበት ሳህን ላይ አሳድጎ ኮንጎ ሬድ ቀለም ማፍሰስና በጨው ውሃ ማጠብ ነው፤ ኢንዛይሙ የሠራበት ቦታ ቀለሙ ለቅቆት ክብ ይወጣል። ዘዴው እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ያለ ነው። ተማሪዎች ክቡ በሰፋ ቁጥር ፎቶ ያነሱታል። እኔ ብዙም አላምነውም። የሚያሳየው ሰንሰለቱን መሀል ለመሀል የሚቆርጠውን ኢንዶግሉካኔዝን ነው፤ ያውም በለሰለሰ ሴሉሎስ ላይ። ጭድ ላይ ስናመጣቸው ሰፊ ክብ ከሠሩት ፈንገሶች ውስጥ ጥርስ ያልነበራቸው ነበሩ።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚዘለው ነገር ልምጣ፤ ከፍታ። እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አዳማ ያደገ ሰው አዲስ አበባ መጥቶ «ሽምብራው አልበስል አለኝ» የሚለው ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ነው። ይኸው ነገር ላብራቶሪ ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ ይይዛል።

አንደኛው አውቶክሌቭ ነው፤ ዕቃና ማሳደጊያ በእንፋሎት ግፊት ከጀርም የምናጸዳበት ድስት። መመሪያው ሁሉ «15 ፒኤስአይ፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ» ይላል። ነገር ግን ግፊቱን በፒኤስአይ የሚለካው ጌጅ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፤ የእኛ አየር ደግሞ በባሕር ጠለል ላይ ካለው አየር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው የሚገፋው። ጌጁ 15 ሲል ውስጡ ያለው እንፋሎት 117 ዲግሪ እንኳ በቅጡ አይደርስም። 121 ለመድረስ ወደ 19 ፒኤስአይ ያስፈልጋል፤ ይህንን ደግሞ ዕቃው መቻሉን የአምራቹን ጽሑፍ ሳያዩ መሞከር አደገኛ ነው። የማይችል ከሆነ ግፊቱን 15 ላይ ትቶ ጊዜውን ወደ 40 ደቂቃ ማራዘም ነው። ፉርሽካ ሲሆን ከዚያም በላይ እጨምራለሁ፤ ሙቀቱ መሀሉ እስኪደርስ ይቆያል፣ ከእህል ጋር የሚመጣው የባክቴሪያ ስፖርም ግትር ነው።

ሁለተኛው ስኳር መለኪያው ነው። ኢንዛይሙ ምን ያህል ስኳር እንደፈታ የምናውቀው በዲኤንኤስ ዘዴ ነው፤ ናሙናውን ዲኤንኤስ ከተባለው ኬሚካል ብርቱካናማ ፈሳሽ ጋር የፈላ ውሃ ውስጥ 5 ደቂቃ ስናቆየው ስኳር በበዛ መጠን ወደ ቡናማ ይጠቁራል፣ ከዚያ የቀለሙን ጥልቀት በሚለካው ስፔክትሮፎቶሜትር 540 ናኖሜትር ላይ ይነበባል። በ100 ዲግሪና በ92 ዲግሪ የሚወጣው ቀለም አንድ አይደለም። ስለዚህ የግሉኮስ መለኪያ መስመሩ፣ ማለትም መጠኑ ከታወቀ ግሉኮስ የሚሠራው ማነጻጸሪያ፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ድስት፣ ከናሙናው ጎን መሠራት አለበት። ከሌላ ሰው ጽሑፍ የተቀዳ ቁጥር እዚህ አይሠራም። ባለፈው ዓመት ከተሠራ የራስ መስመር መቅዳትም ያው ነው።

የኢንዛይሙን ጉልበት በሚለካው ዋናው ፈተና ላይ እ.ኤ.አ. ከ1987ቱ ዓለም አቀፍ አሠራር አልወጣም፦ 1 በ6 ሴንቲሜትር የተቆረጠ 50 ሚሊግራም የማጣሪያ ወረቀት፣ 50 ዲግሪ፣ ፒኤች 4.8፣ 60 ደቂቃ። የምጨምረው ጥንቃቄ አንድ ነው። ፉርሽካ ላይ ካደገ ፈንገስ የተጠለለው ውሃ የራሱ ስኳር አለው። ወረቀት ያልገባበት ናሙና ለብቻው ተለክቶ ካልተቀነሰ፣ የስንዴው ስኳር የኢንዛይም ሥራ መስሎ ይመዘገባል። በጣም ያማረ ውጤት ሲያሳዩኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው።

ማምረቻችን ትሪ ነው። ፉርሽካና የተከተፈ ጭድ፣ ለናይትሮጅን ጥቂት ፋጉሎ፣ በእጅ ሲጨበጥ የሚያያዝ ግን ውሃ የማያንጠባጥብ እርጥበት። አንድ ተማሪ ቶሎ እንዲያድግ ሞላሰስ እንጨምርለት አለ። ሁለት ትሪ ጎን ለጎን አስቀመጥን። ሞላሰስ ያገኘው ፈንገስ ትሪውን ነጭ አድርጎ ሞላው፤ ኢንዛይሙ ግን ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ስኳር በእጁ ያለ ፈንገስ ሴሉሌዝ የሚያሠሩትን ጂኖች ይዘጋቸዋል። የተራበው ነው የሚሠራልን።

መጻሕፍቱ ትሪው በራሱ ሙቀት እንዳይቃጠል ስስ አድርጋችሁ ዘርጉ ይላሉ። ለሞቃት አገር ልክ ነው። እዚህ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት መብራት ሲጠፋ የሚያሰጋው ብርዱ ነው፤ በእነዚያ ወራት ወፈር አድርጌ ዘርግቼ ትሪዎቹን በፎም ሣጥን እሸፍናለሁ፣ ፈንገሱ ራሱን ያሞቃል።

ጭዱ ራሱ ሌላ ታሪክ ነው። በወረቀት ላይ «የእርሻ ተረፈ ምርት» ይባላል፤ እዚህ ግን የተረፈ ጭድ አላየሁም። የጤፍ ጭድ ለከብት ነው፣ ለቤት ልስን ጭቃ ነው። ከሚሸጡልኝ አባቶች አንዱ ለምን እንደምፈልገው ስነግራቸው ሳቁ።

«ለሻጋታ? ልጄ፣ ላሞቼ እንዳይሰሙሽ።»

«ጋሼ፣ ትንሽ ናት የምፈልገው።»

«ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ነው ሐምሌ ላይ ቤቱ ባዶ የሚሆነው።»

ልክ ናቸው። ለሙከራ ኬሻ መግዛት ይቻላል፤ ለፋብሪካ ከላም ጋር መሻማት ግን አያዋጣም፣ ተገቢም አይመስለኝም። ፊታችንን ማንም ወደማይሻማበት አዞርን፤ ወደ ባሕር ዛፍ ሰጋቱራና የጫት ገረባ። ዋጋው ቀለለ፣ ሥራው ከበደ። ሰጋቱራ ሊግኒኑ ብዙ ስለሆነ ኢንዛይሙ እንዳለ ሲሰጠው አይነካውም ማለት ይቻላል። ኮስቲክ ሶዳ ጥሩ ያለሰልሰዋል፤ ግን በኋላ አጥቦ ለመጨረስ የሚፈጀው ውሃ፣ ውሃ በተራ ለሚመጣበት ሰፈር አይሆንም። ኖራ ቀርፋፋ ነው፣ ቀናት ይፈልጋል፤ ግን ርካሽ ነው፣ አያያዙም ቀላል ነው። እኔ ኖራውን መርጫለሁ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ማደባለቅ ነው። ትራይኮደርማ ሰንሰለቱን አሳምሮ ይቆራርጥና ሁለት ግሉኮስ የተያያዘበት ሴሎባዮስ ላይ ይቆማል፤ የመጨረሻዋን የምትፈታዋ ቤታ ግሉኮሲዴዝ ታንሰዋለች። የተጠራቀመው ሴሎባዮስ ደግሞ ቆራጮቹን ኢንዛይሞች መልሶ ያፍናቸዋል። አስፐርጊለስ ናይጀር ይህችን ኢንዛይም በብዛት አለው። ሁለቱን ለየብቻ አሳድጎ ውሃቸውን መቀላቀል፣ አንዱን ፈንገስ ለማሻሻል ከመልፋት ይልቅ ቶሎ ለውጥ አሳየን።

አሁን የያዝኩት ላኬዝ የተባለውን ሊግኒን የሚነካ ኢንዛይም ነው። የኦይስተር እንጉዳይ ያመነጨዋል፤ እንጉዳይ ከተለቀመ በኋላ የሚጣለው ከረጢት ውስጥ ገና አለ። በአካባቢያችን እንጉዳይ የሚያመርቱ አንዲት እናት ከረጢቶቹን በነፃ ይሰጡኛል፤ አንድ ነገር ብቻ አጥብቀው ይከለክላሉ። ትራይኮደርማ የእንጉዳይ ቤት ጠላት ነው፤ አረንጓዴ ሻጋታው ከገባ ምርቱን ያወድማል። «የኔ ልጅ፣ ያን ጋዋንሽን ለብሰሽ በሬን እንዳትረግጪ» ብለውኛል። ስለዚህ ወደ እሳቸው የምሄደው ማለዳ፣ ላብራቶሪ ከመግባቴ በፊት ነው፤ ከገባሁ በኋላ ከረጢት ካስፈለገኝ ጥበቃው ሄዶ ያመጣልኛል።