ጢያ፣ ባቱ፣ ላንጋኖ፦ የሁለት ሌሊት ጉዞ ዕቅድ

ላንጋኖ ሲባል ሁሉም በሞጆ ነው የሚነዳው። እኔ ግን መሄጃው በቡታጅራ፣ መመለሻው በሞጆ እንዲሆን ነው የምመክረው። በዚህ መስመር ታሪኩ በጠዋት ያልቃል፣ ወይኑ ከሰዓት ይደርሳል፣ ሐይቁ ማደሪያ ይሆናል። ከተገለበጠ ግን ወይን ቀምሶ ረጅም መንገድ መንዳት ይመጣል።

ጠዋት 1 ሰዓት ከአዲስ አበባ ውጡ። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መልካ ቁንጡሬ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የተመዘገበ የጥንት ሰው መኖሪያ ነው። ሙዚየሙ ደስ ይላል፣ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ አትቆዩ፤ ጢያ ፀሐይ አናት ላይ ሳትወጣ መታየት አለበት። 36ቱ ትክል ድንጋዮች ላይ ያለው ቅርጽ ጥልቀት የለውም፣ ቀትር ላይ ይጠፋል። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ግን የተቀረጹት ጎራዴዎች አንድ በአንድ ይቆጠራሉ፦ አንዱ ድንጋይ ላይ ጥቂት፣ ሌላው ላይ ብዙ። ከሥራቸው መቃብር መኖሩ በቁፋሮ ተረጋግጧል፤ ስለዚህ ድንጋዩ ላይ ተደግፎ ፎቶ መነሳት ነውር ነው። ለመግቢያ ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

ቡታጅራ ላይ ክትፎ፣ ነዳጅ፣ የጎማ ንፋስ። እስኮርታውንም እዚያው አስለኩት፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እሱን ነው።

ከቡታጅራ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲነዳ ባቱ (ዝዋይ) ይደረሳል። የካስቴል ወይን እርሻ እዚህ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ወይኖቹ፣ አካሺያና ሪፍት ቫሊ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ነው ገበያ የወጡት። ሳትደውሉና ቀጠሮ ሳትይዙ በር ላይ አትቁሙ። መጎብኘት የሚሻለው በሥራ ቀን ስለሆነ ዓርብ ተነሱ። ሹፌሩ አይቀምስም፤ ይሄ ከቤት ሳይወጣ ይወሰን። የገዛችሁትን ጠርሙስ በረዶ ሳጥን ውስጥ አስተኙት። የስምጥ ሸለቆ ፀሐይ የተዘጋ መኪና ውስጥ ወይኑን ያፈላዋል፣ ቡሹም ይገፋል።

ዝዋይ ሐይቅ ላይ ጀልባና ዓሣ እንጂ ዋና የለም፤ ቢልሃርዚያም ጉማሬም አለበት። መዋኛው ላንጋኖ ነው። ውሃው ቡናማ የሆነው በደለል እንጂ በቆሻሻ አይደለም፣ ከቢልሃርዚያ ነጻ በመሆኑም ይታወቃል። ከሰዓት ነፋሱ ስለሚበረታ ልጆች ጠዋት ይዋኙ። ሎጁ ከመነሳታችሁ በፊት ይያዝ፤ ለማያድር ሰው የባህር ዳርቻ መግቢያ ያስከፍላሉና ዋጋውን ቀድማችሁ ጠይቁ።

እሑድ ከምሳ በፊት በመቂ ሞጆ ተመለሱ። ከ10 ሰዓት በኋላ የከተማው መግቢያ ይጨናነቃል።