ልጆቻችን 12ኛ ክፍል ሳይጨርሱ የኮሌጅ ክሬዲት እንዲይዙ ስረዳ የተማርኩት

የመጀመሪያ ልጄ 10ኛ ክፍልን ሊጨርስ ሲል ነው ራኒንግ ስታርት ስለሚባለው ፕሮግራም ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ የሰማሁት። የዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1990 ፕሮግራሙን ባቋቋመበት ሕግ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጅ፣ ገብተው የትምህርት ክፍያ ሳይከፍሉ መማር ይችላሉ። የሚወስዱት ኮርስ ለሁለተኛ ደረጃም ለኮሌጅም ይቆጠርላቸዋል። ሁለቱን ዓመት በደንብ የተጠቀመበት ተማሪ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማውንና 90 ክሬዲት ያለውን የሁለት ዓመት ዲግሪ አብሮ ይዞ ይወጣል። ለባችለር ዲግሪ 180 ክሬዲት በሚጠየቅበት ስፍራ ይህ ግማሽ መንገድ ነው። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ልጄን ለሙሉ 15 ክሬዲት አስመዘገብኩት፤ ኬሚስትሪ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ። በመጀመሪያው ኳርተር (ሦስት ወር ገደማ የሚፈጀው የኮሌጁ የትምህርት ክፍለ ጊዜ) መጨረሻ፣ ዲሴምበር ላይ፣ የኬሚስትሪ ውጤቱ ከ4.0 1.9 ሆኖ መጣ። ገና ልጅ ነው፣ ይሻሻላል ብዬ አለፍኩት። በእርግጥም ተሻሻለ። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ለሕክምና ትምህርት ቤት ሲያመለክት፣ በሁለተኛ ደረጃ ሳለ የተማረበትን ኮሌጅ ጨምሮ ትራንስክሪፕቶቹን በሙሉ እንዲያስገባ ተጠየቀ። በ16 ዓመቱ ያገኛት 1.9 ከዩኒቨርሲቲ ውጤቶቹ ጋር ተደምራ አማካዩን ወደ ታች ጎተተችው። ልጄ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ያንን ሁሉ ኮርስ በአንድ ጊዜ እንዲወስድ የገፋሁትና ቅጹ ላይ የፈረምኩት ግን እኔ ነበርኩ።

ሌሎች ወላጆችን መርዳት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። በደቡብ ሲያትልና በሬንተን አካባቢ ያለን ኢትዮጵያውያን ብዙዎቻችን በፈረቃ እንሠራለን፤ ትምህርት ቤቶቹ የሚጠሩት የማታ ስብሰባ ላይ አንገኝም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንዲት ክፍል ለምኜ አገኘሁ፤ በመጀመሪያው ዓመት ስምንት ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር መጡ።

መጀመሪያ ላይ የማስረዳው ስለ ቅጽና ስለ ቀነ ገደብ ነበር። ያ አካሄድ ስህተት እንደሆነ የገባኝ አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ 20 ክሬዲት ከያዘች በኋላ ወደ እኔ ስትመጣ ነው። መሐንዲስ መሆን ትፈልጋለች። የወሰደቻቸው ኮርሶች ጥሩ ናቸው፣ ውጤቷም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሒሳብ አንድም አልወሰደችም። ኢንጂነሪንግ ደግሞ ካልኩለስ ላይ ካልኩለስ፣ ከዚያም ፊዚክስ እየተደራረበ የሚሄድ ትምህርት ነው። ሃያዎቹ ክሬዲቶች አልጠፉም፣ ይቆጠሩላታል፤ የምትፈልገው ዲግሪ ላይ ግን አንድ ኳርተር እንኳ አያሳጥሩላትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማንም ቅጽ ከመሞላቱ በፊት ባዶ ወረቀት አወጣለሁ። ከላይ ተማሪው ሊማር የሚፈልገውን ሙያና የሚመኛቸውን ሁለት ሦስት ዩኒቨርሲቲዎች ስም ይጽፋል። ከሥሩ ያ የትምህርት ክፍል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የሚጠይቃቸውን ኮርሶች ከዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ አብረን እንገለብጣለን። ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ላይ የምንመርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ምን እንደሚማር ገና ያልወሰነ ልጅ ደግሞ የትም የማይባክኑትን ይጀምራል፤ እንግሊዝኛ 101 የሚባለውን የመጀመሪያውን የኮሌጅ የጽሑፍ ኮርስና ለደረጃው የሚሆን ሒሳብ።

በኮርሶቹ ኮድ ውስጥ አንዲት ትንሽ ምልክት አለች። እንግሊዞች «እና» ለማለት የሚጠቀሙባት ጠምዛዛ ምልክት (&) ናት፤ ከትምህርቱ አኅጽሮት ቀጥላ ትገባለች። ይህች ምልክት ያለችበት ኮርስ በግዛቱ ኮሚዩኒቲና ቴክኒካል ኮሌጆች ሁሉ አንድ ዓይነት ስያሜና ቁጥር አለው፤ ልጁ ኮሌጅ ቢቀይር አያከራክርም። ቁጥሩ ከ100 በታች የሆነ ኮርስ ደግሞ የኮሌጅ ደረጃ አይደለም፤ ስለዚህ በሒሳብ የምደባ ፈተና ወደኋላ የቀረ ተማሪ ያንን ክፍተት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ቢሞላ ይሻለዋል። ከግዛቱ ውጭ ያለ ወይም የግል ዩኒቨርሲቲ የሚያስቡትን አስቀድመው እንዲጠይቁ አደርጋለሁ፤ ለሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ የተቆጠረን ኮርስ የማይቀበሉ አሉና።

ወላጆችን በጣም የሚያስደነግጣቸው ሌላ ነገር ነው። አንድ አባት፣ የሌሊት ሥራ አድረው የሚመጡ ትልቅ ሰው፣ ኮሌጁ ደውለው የልጃቸውን ውጤት ሲጠይቁ «ልንነግርዎ አንችልም» ተባሉ። «ጋሼ፣ አጥፍተው አይደለም» አልኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣው የትምህርት መዝገብ ምስጢርን የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ፣ ተማሪ ኮሌጅ ከገባ ዕድሜው ስንትም ይሁን በኮሌጁ መዝገብ ላይ ያለውን መብት ለራሱ ይሰጠዋል። እሳቸው ግን በቀላሉ አልተጽናኑም። «አሥራ ስድስት ዓመቷ እኮ ነው! ማን ሊያያት ነው ታዲያ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክለኛ ነበር፤ እኔም ሥራዬን ያስተካከልኩት በእሱ ነው። አሁን ገና ሳይመዘገቡ ወላጅና ልጅ ይነጋገራሉ፤ ልጁ በየሁለት ሳምንቱ ውጤቱን በራሱ እጅ ከፍቶ ሊያሳይ ቃል ይገባል። ያለ ቅጣት ከኮርስ መውጫው የመጨረሻ ቀን በወላጅና በልጅ ስልክ ላይ ይመዘገባል። በወቅቱ የተወጣ ኮርስ ትራንስክሪፕት ላይ ቢታይም አማካዩን አይነካም። እኔ ያንን ቀን ባውቀው ኖሮ የልጄ 1.9 አትኖርም ነበር።

ቢሮ የሚባለውን ነገር ላንሳ፤ ከሁሉ በላይ የደከምኩበት እሱ ነው። እዚህ ኮሌጅ መምህር በሳምንት የተወሰኑ ሰዓታት ቢሮው ተቀምጦ ተማሪ ይጠብቃል። ልጆቻችን አይሄዱም። ታላቅን አታስቸግር፣ ሰው ቤት አታንኳኳ ተብለው ነው ያደጉት፤ መልካም አስተዳደግ ነው፣ በዚህ ቦታ ግን ይጎዳቸዋል። አንዲት ተማሪዬ የመምህሯ በር ላይ ደርሳ፣ በሩ ገርበብ ብሎ ሰውየው ሲጽፍ አየችና ሥራ ላይ ነው ብላ ተመለሰች። ሁለት ጊዜ። በቀጣዩ ቅዳሜ እኔ መምህር ሆኜ ተቀመጥኩ፣ እሷ አንኳኳች። «ጥያቄ አለኝ» ብላ ዝም አለች። «አይሆንም፣ ወረቀትሽን አውጪ፣ የትኛው መስመር ላይ እንደቆምሽ በጣትሽ አሳዪኝ» አልኳት። አምስት ጊዜ ደጋገምነው። በሳምንቱ እውነተኛው ቢሮ ገብታ አርባ ደቂቃ ቆይታ ወጣች። ከዚያ ወዲህ የመጀመሪያው ኳርተር በገባ በሁለተኛው ሳምንት እያንዳንዱ ተማሪ፣ ጥያቄ ቢኖረውም ባይኖረውም፣ አንድ ቢሮ አንኳኩቶ እንዲመጣ እጠይቃለሁ።

አማርኛቸውን ያልጣሉ ልጆች የሚያገኙት ጥቅምም አለ። በግዛቱ ብዙ የትምህርት ወረዳዎች ተማሪ በቤቱ ቋንቋ ተፈትኖ እስከ አራት የሁለተኛ ደረጃ ክሬዲት ሊያገኝ ይችላል፤ አማርኛ ከሚፈተኑት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይህ የኮሌጅ ክሬዲት አይደለም። ነገር ግን ለዲፕሎማ ከሚያስፈልጉት 24 ክሬዲቶች ላይ ሲነሳ ለኮሌጅ ኮርስ ቦታ ይለቃል። ያነበቡትንና የጻፉትን ከእናታቸው ጋር እየተለማመዱ ወደ ፈተናው የሄዱ ልጆችን ሳይ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ገንዘቡን በአጭሩ ልናገር። ነጻ የሚሆነው የትምህርት ክፍያው ነው፤ መጽሐፍ፣ ልዩ ልዩ የኮሌጅ ክፍያዎችና መጓጓዣ በቤተሰቡ ላይ ናቸው። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ቤተሰቦች ክፍያዎቹ ይነሳሉ፤ ግን መጠየቅ አለበት።

ለሁሉም ልጅ ራኒንግ ስታርት ይሻላል ብዬ አላምንም፤ በመጀመሪያው ዓመት ግን አምን ነበር። ከትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ቡድን መለየት የማይፈልግ፣ ወይም ሲጨነቅ ዝም የሚል ልጅ፣ በትምህርት ቤቱ ኤፒ፣ ማለትም እዚያው ሁለተኛ ደረጃ የሚሰጠውንና መጨረሻው ላይ ፈተና ያለውን የኮሌጅ ደረጃ ኮርስ፣ ቢወስድ ይመረጣል። የኤፒ ፈተና በሜይ ወር ይሰጣል፣ ውጤቱ ከ1 እስከ 5 ነው፤ ብዙ ኮሌጆች ከ3 ጀምሮ፣ ጠንከር ያሉት ከ4 ወይም ከ5 ጀምሮ ክሬዲት ይሰጣሉ። ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው፤ 2 ያገኘ ልጅ ያንን የፈተና ውጤት ለዩኒቨርሲቲ አለመላክ ይችላል። የኮሌጅ ኮርስ ውጤት ግን ዕድሜ ልክ ይከተለዋል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ፈተናው ሜይ ነው ብሎ በፀደይ ሲመጣ ነው፤ ምዝገባው የሚዘጋው ኖቬምበር ላይ ነው።

ባለፈው ዓመት ሦስት ልጆች የሁለት ዓመቱን ዲግሪ ከዲፕሎማቸው ጋር ይዘው ወጡ። ሌሎቹ 10 ወይም 25 ክሬዲት ይዘዋል፤ ሁሉም የሚሄዱበት ቦታ የሚያገለግላቸው ነው።

ዘንድሮ ተራው የታናሿ ልጄ ሆነ። የምዝገባ ማረጋገጫ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ሦስት ኮርስ ሞልታ ጠበቀችኝ፤ የትምህርት ቤቷ አማካሪ ፈርሞበታል፣ የቀረው የእኔ ነበር። «ወንድምሽን ጠይቂው» አልኳት። ደወለችለት። ግማሽ ሰዓት አወሩ፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ድምፁን ብቻ ነበር የምሰማው። ተመልሳ መጣችና ኬሚስትሪውን ሰረዘችው። «በሁለተኛው ኳርተር እወስደዋለሁ፣ አማካሪዬም ነገ ያስተካክለዋል» አለችኝ። እንግሊዝኛ 101ና ሒሳብ ቀሩ። ፈረምኩ።